ከኢንተርኔት ገበያ የገዙት ጠገራ ብር ወይም የምኒልክ ብር ሐሰተኛ ቢሆንስ? ከምርመራ እስከ ገንዘብ ማስመለስ

ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ብር፣ አላድ (ግማሽ ብር)፣ ግርሽ (ትንሹ የብር ሳንቲም)፣ አልፎ አልፎም የአክሱም ነገሥታት ሳንቲሞች ዛሬ በኢቤይ፣ በፌስቡክ ማርኬትፕሌስና በቴሌግራም ቻናሎች ለሽያጭ ይቀርባሉ። ከገዥዎቹ ብዙዎቹ የሳንቲም ዐዋቂዎች አይደሉም፤ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ የሚኖሩ፣ አያቶቻቸው የተገበያዩበትን ገንዘብ ቤታቸው ለማስቀመጥ የሚፈልጉ ወገኖች ናቸው። አጭበርባሪው የሚጠቀመውም በዚህ ናፍቆት ነው። ይህ መመሪያ ጠገራ ብርንና የምኒልክን ብር ምሳሌ አድርጎ፣ ከመግዛትዎ በፊት ምን ማየት እንዳለብዎት፣ ዕቃው ሲደርስ እንዴት እንደሚመረምሩትና ሐሰተኛ ሆኖ ሲያገኙት ገንዘብዎን በምን መንገድ እንደሚጠይቁ በቅደም ተከተል ያስረዳል። እንደዚህ ባለ ክርክር የሚረታው በቁጥር የተደገፈ ማስረጃ ይዞ ቀኑ ሳያልፍ የቀረበ ገዥ ስለሆነ፣ የጽሑፉ ትልቁ ክፍል ስለ መመዘንና ስለ መመዝገብ ነው።

መጀመሪያ፦ የትኛው ሐሰተኛ እንደሚባል ይለዩ

የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1780 ካረፉ በኋላም ምስላቸው ያለበት ብር መመታቱ አልቆመም። በቀይ ባሕር ዙሪያና በኢትዮጵያ ያሉ ነጋዴዎች የለመዱትን መልክ እንጂ ሌላ አንቀበልም በማለታቸው፣ ማምረቻዎቹ 1780 የሚለውን ዓመት ሳይቀይሩ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል መምታቱን ቀጠሉ። በቪየና፣ በሚላኖ፣ በቬኒስና በፕራግ ተመትቷል። ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር በምትዘጋጅበት እ.ኤ.አ. በ1935 ከኦስትሪያ መብቱን አግኝታ በሮም መምታት ጀመረች፤ በሚቀጥለው ዓመት ለንደን ተከተለች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምቤይ፣ ከዚያም በርሚንግሃም ተጨመሩ። ስለዚህ 1780 የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠገራ ብር ከተመታ ሰባ ወይም ሰማንያ ዓመት ብቻ ሊሆነው ይችላል፤ ብሩ ግን እውነተኛ ብር ነው፣ ያመረተውም ሕጋዊ ማምረቻ ነው። ሐሰተኛ አይባልም።

ይህን ልዩነት መያዝ ለአቤቱታዎ ወሳኝ ነው። ሻጩ «ከ1780 ጀምሮ የነበረ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ» ብሎ ሸጦልዎት ዕቃው በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተመታ ሆኖ ከተገኘ፣ ጥፋቱ ዕቃውን ባልሆነው ነገር መግለጽ ነው። ዕቃው በመዳብና በኒኬል ተሠርቶ ብር የተቀባ ወይም በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ከሆነ ግን ሐሰተኛ ነው። ሁለቱም ገንዘብ ለማስመለስ ያበቃሉ፤ ነገር ግን እውነተኛውን ዳግም ምት «ሐሰተኛ ነው» ብሎ የከሰሰ ገዥ ሻጩ አንድ የባለሙያ ደብዳቤ ሲያቀርብ ወዲያው ይሸነፋል።

የምኒልክ ብር ታሪክ ከዚህ ይለያል። በፓሪስ ገንዘብ ማምረቻ የተመታ ሲሆን፣ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎበታል፤ ለምሳሌ ፲፰፻፹፱ የሚለው ከ1889 ዓ.ም. ጋር አንድ ነው። በዚህ ገንዘብ ላይ አስመስሎ መሥራቱ ከጠገራ ብር የበለጠ ትርፍ ያስገኛል፤ ምክንያቱም ጥሩ ይዞታ ያለው ብርቅ ሲሆን ዋጋው በውስጡ ካለው የብር ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ከመክፈልዎ በፊት ማስታወቂያውን ይመርምሩ

ፎቶግራፎቹን በቅርብ ይመልከቱ። ሁለቱም ገጽታዎች ጥርት ብለው ካልታዩና ጠርዙ በፎቶ ካልቀረበ፣ ሻጩን ተጨማሪ ፎቶ ይጠይቁ፤ ሚዛን ላይ ተቀምጦ ክብደቱ የሚነበብበት ፎቶም ይጨምርልዎ። እውነተኛ ሻጭ ይህን ለማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ፎቶውን በጎግል ሌንስ ሲፈልጉት በሌሎች ሻጮች ዘንድ ከተገኘ አይግዙ። ሌላው ጥሩ ፍንጭ ተደጋጋሚ ጠባሳ ነው፤ በእጅ የዞረ ሳንቲም ላይ ያለ ጭረት የዚያ ሳንቲም ብቻ ስለሆነ፣ በንጉሡ ጉንጭ ላይ ያለችው ትንሽ ጉድጓድ በሦስት የተለያዩ ማስታወቂያዎች ላይ በዚያው ቦታ ከታየች ሦስቱም ከአንድ ቅርጽ የወጡ ናቸው።

ከዚያ የሻጩን ሌሎች ዕቃዎች ይመልከቱ። ብርቅ የሆነ የምኒልክ ብር አምስትና ስድስት በአንድ ጊዜ የሚያቀርብ፣ ከጎኑም የአሜሪካ፣ የቻይናና የሩሲያ ትልልቅ የብር ሳንቲሞች በእኩል ርካሽ ዋጋ የሚዘረዝር ሰው የአያቱን ቅርስ እየሸጠ አይደለም። «ትክክለኛነቱን አላውቅም፣ ከአንድ ሽማግሌ የገዛሁት ነው፣ እንዳለ ነው የምሸጠው» የሚለው አነጋገርም የኃላፊነት መሸሻ ነው።

የአከፋፈሉን መንገድም ከአሁኑ ይወስኑ። በኢቤይ ከገዙ በኢቤይ ውስጥ ይክፈሉ፤ በፔይፓል ከከፈሉ ለጓደኛና ለቤተሰብ የሚላክበትን አማራጭ አይጠቀሙ፤ ይህ አማራጭ ከገዥ ጥበቃ ውጭ ነው። ሻጩ ኮሚሽን ለማትረፍ በሚል ሰበብ ከገበያው ውጭ እንዲከፍሉት ከጠየቀ ግዢውን ይተዉት።

ዕቃው ሲደርስ

ፖስታውን ከመክፈትዎ በፊት ስልክዎን አቁመው ቪዲዮ ይቅረጹ። አድራሻው፣ የመከታተያ ቁጥሩ፣ ማሸጊያው ሲቀደድና ሳንቲሙ ሲወጣ ሁሉም ሳይቋረጥ ይታይ። በዚያው ቀን የማስታወቂያውን ገጽ፣ የዕቃውን መግለጫና ከሻጩ ጋር የተጻጻፉትን በሙሉ ስክሪንሾት አንስተው ያስቀምጡ፤ ሻጩ ማስታወቂያውን ሊያነሣው ይችላልና።

ሳንቲሙን አያጽዱት። በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና ወይም በአመድ መወልወል የእውነተኛውን ዋጋ ይቀንሳል፤ ሐሰተኛ ቢሆን ደግሞ ሻጩ «ያበላሹት እርስዎ ነዎት» የሚልበትን በር ይከፍታል። በዚሁ ምክንያት በፋይል መፋቅም ሆነ የወርቅ ቤት አሲድ ማንጠባጠብ አይገባም።

መመዘንና መለካት

ለዚህ የሚያስፈልገው እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ የኪስ ሚዛንና ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት መለኪያ) ነው። ሁለቱም በርካሽ ይገኛሉ፤ ካልሆነም የወርቅ ቤት ሚዛን በቂ ነው። ጠገራ ብር በሥርዓቱ 28.07 ግራም ይመዝናል፣ ከዚህ ውስጥ 833 ከሺህ ንጹሕ ብር ነው፤ ስፋቱም 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የምኒልክ ብርም 28.075 ግራም ሲሆን የብር መጠኑ 835 ከሺህ፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው። አላዱ 14.04 ግራም፣ ሩቡ 7.02 ግራም፣ ትንሹ የብር ግርሽ ደግሞ 1.40 ግራም ያህል ነው።

ብዙ እጅ የነካው ሳንቲም ስለሚፋቅ ጥቂት አሥረኛ ግራም ቢያንስ አያስደነግጥም፤ 27.7 ወይም 27.8 ቢያነቡ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን መፋቅ ክብደት አይጨምርም፤ 28.4 ግራም የሚመዝን የተፋቀ ጠገራ ብር በጥርጣሬ ይታይ። ሌላው ጫፍ ደግሞ ግልጽ ነው፤ በመዳብና በኒኬል ቅይጥ በትክክለኛው ስፋትና ውፍረት የተሠራ ቅጂ 24.5 ግራም አካባቢ ስለሚመዝን፣ ሚዛንዎ ይህን ካነበበ ጉዳዩ በዚሁ አልቋል። ለአንገት ጌጥ ሲባል ቀለበት የተበየደበት ሳንቲም ግን ብየዳው ክብደቱን ስለሚጨምር በዚህ መለኪያ ብቻ መፍረድ አይቻልም።

ጎበዝ አጭበርባሪ ክብደቱን ለማስተካከል ሳንቲሙን ያወፍረዋል ወይም ያሰፋዋል። ይህን የሚያጋልጠው የውሃ ምርመራ ሲሆን፣ በቤት ውስጥ ከሚደረጉት ሁሉ እኔ በጣም የማምነው እርሱን ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው።

1. ሳንቲሙን ደረቅ ሆኖ ይመዝኑና ክብደቱን ይጻፉ።
2. ብርጭቆ ውስጥ ሳንቲሙን የሚያሰጥም ውሃ ያድርጉ፤ የአየር አረፋ እንዳይጣበቅ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨምሩበት። ብርጭቆውን ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ንባቡን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ሚዛኑ የብርጭቆውንና የውሃውን ክብደት መሸከም የሚችል መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።
3. ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረው፣ ታችም ጎንም ሳይነካ በውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንዲንጠለጠል ያድርጉ። ክሩን በእጅ ከመያዝ ይልቅ ከብርጭቆው በላይ በተጋደመና ሚዛኑን በማይነካ እንጨት ላይ ማሰር ንባቡን ያረጋጋዋል።
4. ሚዛኑ አሁን የሚያሳየው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውሃ ነው። የመጀመሪያውን ክብደት በዚህ ቁጥር ያካፍሉ።

እውነተኛ ጠገራ ብር 28.07 ግራም መዝኖ ውሃ ውስጥ ሲንጠለጠል ሚዛኑ 2.75 አካባቢ ያነባል፤ ሲካፈል 10.2 ይሆናል። የምኒልክ ብርም ከዚህ አይርቅም። ክብደቱ ተስተካክሎ ከመዳብና ኒኬል የተሠራው ቅጂ ግን 3.15 ያህል ያነባል፤ ሲካፈል 8.9 ይመጣል። ናስ ከዚያም ዝቅ ይላል። ምርመራውን ሦስት ጊዜ ደግመው አማካዩን ይውሰዱ፤ ከ10.0 እስከ 10.4 ባለው ውስጥ ከወደቀ ብረቱ ትክክል ነው ማለት ይቻላል። ለትንሹ ግርሽ ግን የሚገፋው ውሃ በጣም ጥቂት በመሆኑ የኪስ ሚዛን ስሕተት ውጤቱን ያዛባዋል፤ ለእርሱ በክብደትና በዓይን ምርመራ መወሰን ይሻላል።

ማግኔት የሚረዳው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ሳንቲሙ ከተሳበ ብር አይደለም፤ ካልተሳበ ግን መዳብም ናስም ስለማይሳቡ ምንም አልተረጋገጠም።

በዓይንና በማጉያ መነጽር

ብረቱ ትክክል መሆኑ ሳንቲሙን እውነተኛ አያደርገውም፤ ከእውነተኛ ብር የተሠሩ ቅጂዎችም አሉና። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይዘው ከጠርዙ ይጀምሩ። በጠገራ ብር ጠርዝ ዙሪያ የንግሥቲቱ መፈክር የሆነው «በፍትሕና በምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ከጌጥ ጋር ወደ ውጭ ጎልቶ ይገኛል። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ፣ ፊደሎቹ ከደበዘዙ ወይም ዙሪያውን የሚያቋርጥ የመገጣጠሚያ መስመር ካዩ በቅርጽ የፈሰሰ ነው። በገጽታው ላይ የሚታዩ ጥቃቅን የአረፋ ጉድጓዶች፣ ሳሙና የመሰለ ልስላሴና የፊደላት ጠርዝ መቅለጥም ያንኑ ይመሰክራሉ። በምስሉ በኩል ከደረቱ በታች ኤስ እና ኤፍ የተባሉት የላቲን ፊደላት፣ በንስሩ በኩል ደግሞ ከ1780 ቀጥሎ የተጋደመች ትንሽ መስቀል መኖር አለባቸው። የንግሥቲቱን የደረት ጌጥ ዕንቁዎች መቁጠር የቆየ ልማድ ነው፤ ዘጠኝ ዕንቁ ጥርት ብለው ካልተቆጠሩ የአገራችንም ሆነ የዐረብ ነጋዴ ብሩን አይቀበልም ነበር።

በምኒልክ ብር ላይ የአማርኛ አንባቢ ከማንኛውም የውጭ ሰብሳቢ የላቀ ዕድል አለው። በንጉሡ ምስል ዙሪያ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ»፣ በአንበሳው በኩል ደግሞ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ተጽፏል። ፊደላችንን የማያነብ ቀራጭ መልኩን እንጂ ድምፁን ስለማያውቅ ይሳሳታል፤ የ«ሠ» እግሮች ይጣበቃሉ፣ «ዘ» ወደ «ዝ» ይጠጋል፣ የ«ኢ» ቅጥያ ይጠፋል። ጮክ ብለው ፊደል በፊደል ያንብቡት። የግዕዝ ቁጥሩንም እንዲሁ፤ ፹ እና ፺ ተደባልቀው ወይም በየትም ካታሎግ የሌለ ዓመት ፈጥረው የሚገኙ ቅጂዎች አሉ። አንበሳው በአንዳንዱ ዓመት ግራ፣ በሌላው ቀኝ የፊት እግሩን ስላነሣ፣ በእጅዎ ያለው ዓመትና የእግሩ አነሣሥ የሚስማሙ መሆናቸውን የሳንቲሞችን ዝርዝር በያዘው በኑሚስታ ድረ ገጽ ካለው ፎቶ ጋር ያስተያዩ። ሐሰተኞች የአንዱን ዓመት ፊት ከሌላው ዓመት ጀርባ ጋር የማጋጠም ልማድ አላቸው።

እያንዳንዱን ግኝት በፎቶ ያስቀምጡ፦ ሚዛኑ ላይ፣ በካሊፐሩ ውስጥ፣ ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ፣ የተሳሳተው ፊደል በቅርበት።

የባለሙያ ማረጋገጫ መቼ ያስፈልጋል?

ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ የተባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ሳንቲም መርምረው በታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ ቁጥር ሰጥተው ይመልሳሉ። ለአንድ ተራ ጠገራ ብር የምርመራውና የመላኪያው ወጪ ከሳንቲሙ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል አልመክርም፤ በብዙ መቶ ዶላር ለተገዛ የምኒልክ ብር ግን ተገቢ ነው። ሳንቲሙ አስቀድሞ በእንደዚህ ዓይነት ፕላስቲክ ታሽጎ ከመጣልዎት ፕላስቲኩን አይመኑት፤ እርሱም ይመሰላል። ቁጥሩን በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ በእጅዎ ጽፈው ያረጋግጡ፤ በሻጩ ሊንክ ወይም በፕላስቲኩ ላይ ባለው የኪውአር ምስል አይግቡ። በድረ ገጹ ላይ ፎቶ ካለ ጭረቶቹን ከእጅዎ ካለው ጋር ያመሳክሩ፤ ቁጥሩ የሌላ እውነተኛ ሳንቲም ሊሆን ይችላልና።

አንዳንድ የወርቅ ቤቶች ብረትን በኤክስሬይ የሚያነብ መሣሪያ አላቸው። መሣሪያው የሚያየው የላይኛውን ስስ ንጣፍ ስለሆነ በወፍራሙ ብር የተቀባን ቅጂ እውነተኛ ብር ነው ሊል ይችላል፤ ከውሃው ምርመራ ጋር ሲጣመር ግን ጥሩ ማስረጃ ነው።

ገንዘብ መጠየቅ

መጀመሪያ ለሻጩ በገበያው የመልእክት ሳጥን ውስጥ ብቻ ይጻፉ፤ ወደ ዋትሳፕ እንሻገር ቢልዎት እምቢ ይበሉ። ስድብና ማስፈራሪያ አይግባበት። ለምሳሌ እንዲህ ማለት በቂ ነው፦ «የ1889 ዓ.ም. የምኒልክ ብር ብለው የሸጡልኝ ዕቃ ደርሶኛል። መመዘን ያለበት 28 ግራም ሲሆን የሚመዝነው 24.6 ግራም ነው፤ በጽሑፉም ላይ የፊደል ስሕተት አለ፤ ፎቶዎቹ ተያይዘዋል። ዕቃው ሐሰተኛ ስለሆነ ገንዘቤ በሙሉ፣ የመላኪያውን ጨምሮ፣ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።» ከፊሉን ወስደው ዕቃውን እንዲያስቀሩ ቢለምንዎት አይስማሙ፤ ስምምነቱ አቤቱታዎን ሊዘጋው ይችላል።

ከዚህ ጎን ለጎን አቤቱታውን በይፋ ይክፈቱ። በኢቤይ ላይ ዕቃው ከደረሰበት ወይም ይደርሳል ከተባለበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን አለዎት፤ ምክንያቱንም «ከመግለጫው ጋር አይስማማም» በሚለው ሥር ያስገባሉ። በፔይፓል ከተከፈለ ክርክሩ ከክፍያው ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ይከፈታል፤ ከተከፈተ በኋላ በ20 ቀን ውስጥ ወደ አቤቱታ ካላሳደጉት ግን ራሱ ይዘጋል፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው ሻጩ «ነገ እልካለሁ» እያለ ሲያዘገየው በዚህ ክፍተት ነው። ገበያው እምቢ ካለ ወደ ባንክዎ ይሂዱ። በአሜሪካ በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ክፍያው የታየበት ሒሳብ መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ የመቃወም መብት አለው። በብሪታንያ ከ100 እስከ 30 ሺህ ፓውንድ ዋጋ ላለው ዕቃ የክሬዲት ካርዱ ኩባንያ ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ከነጋዴ በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ ያለምንም ምክንያት በ14 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል፤ ግለሰብ ሻጭን ግን ይህ ደንብ አይመለከተውም።

ገበያው ሳይወስን ዕቃውን መልሰው አይላኩ። እንዲመልሱ ከታዘዙ የመከታተያ ቁጥር ባለው መንገድ፣ ሲያሽጉት ቪዲዮ ቀርጸው፣ ገበያው በሰጠዎት አድራሻ ብቻ ይላኩ። ሻጩ በግል የሚጠቁምዎት ሌላ አድራሻ ማስረጃዎን ዋጋ ያሳጣዋል።

በቴሌግራም ከተገዛና በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር ከተከፈለ ሁኔታው ከባድ ነው፤ የተላከ ገንዘብ በራሱ የሚመለስበት ሥርዓት የለም። በዚያው ዕለት ለባንኩ ወይም ለአገልግሎቱ የደንበኞች ክፍል የዝውውሩን ቁጥር ሰጥተው ያመልክቱ፤ ከዚያም የመልእክት ልውውጡን፣ የሻጩን ስልክና የመለያ ስም አትመው ለፖሊስ ያቅርቡ። በአገር ቤት ለሚገዛ ሰው ከሁሉ የሚሻለው ሻጩን ወርቅ ቤት ወይም ሌላ ሚዛን ያለበት ቦታ ቀጥሮ፣ ዕቃው ተመዝኖ ሳይታይ አለመክፈል ነው።

የአክሱም ሳንቲሞችን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ጥቃቅን የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘቦች በብዛት ይመሰላሉ፤ እውነተኛ ቢሆኑም ቅርስ ናቸው፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ሳንቲሙ በምን መንገድ ከኢትዮጵያ እንደወጣ የሚያሳይ ሰነድ ሻጩ ካላቀረበ፣ እውነተኛም ይሁን ሐሰተኛ፣ አይግዙ። ሐሰተኛ ከሆነ ይከስራሉ፤ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ የአገር ሀብት ሲዘረፍ ተባባሪ ይሆናሉ።

ሐሰተኛው በእጅዎ ሲቀር

አንዳንድ ጊዜ ገንዘቡ ተመልሶ ዕቃው ከእርስዎ ጋር እንዲቀር ይወሰናል። ኪሳራውን ለማካካስ ብሎ ለሌላ ሰው መሸጥ ማጭበርበር ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ባለው ሕግ የሳንቲም ቅጂ «ኮፒ» የሚል ቃል ተቀርጾበት መመረት ያለበት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ማሻሻያ ያልተቀረጸበትን መሸጥንም አካቷል። ስለዚህ ማስታወቂያውን በገበያው «ሪፖርት» ቁልፍ ይጠቁሙ፤ በአሜሪካ የሚኖሩ ከሆነም ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያሳውቁ። ቅጂውን ለንጽጽር ማስቀመጥ ከፈለጉ ከእውነተኞቹ ለይተው በተለየ ፖስታ ያኑሩት፤ በፖስታው ላይም በማይጠፋ ቀለም «ሐሰተኛ» ብለው የተገዛበትን ቀን፣ ክብደቱንና ከውሃው ምርመራ የተገኘውን ቁጥር ይጻፉበት። ወራሾች ሣጥኑን ሲከፍቱ ያለ እርስዎ እርዳታ መለየት መቻል አለባቸው።